የደንዲና የወንጪ ጉዞ አስቀድሞ በማደሪያው ስለመታቀዱ

ከጊንጪ ተነስቶ በደንዲና በወንጪ ሐይቆች በኩል እስከ አምቦ የሚዘልቅ የበርካታ ቀናት ጉዞ የሚያሰናዳ ጀማሪ አስጎብኚ፣ ዘወትር የሚያነሳው ጥያቄ በስንት ቀን ስንት ቦታ ማሳየት እንደሚቻል ነው። ጥያቄው ግን ዕቅዱን ከጅራቱ ያስይዘዋል፤ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው መንገደኛው የት እንደሚያድር ነውና።

በተለይ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ከመደባት ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ በማለዳ ወጥቶ በፈረስ ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ በጀልባ የቂርቆስ ገዳም ወዳለበት ደሴት ተሻግሮ፣ ለማታ የሚመለስ የደርሶ መልስ ጉዞ ተለምዷል። ይህ የትራንስፖርት አገልግሎት እንጂ የአስጎብኚነት ሙያ አይደለም፤ ደመና ሐይቁን የሸፈነበት ቀን ቢያጋጥም መንገደኛው ጭጋግ አይቶ ይመለሳል፤ ያደረ ሰው ግን ሌላ ንጋት አለው።

የደንዲና የወንጪ ተራሮች ሁለቱም ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሐይቆቻቸው የተኙት በካልዴራ፣ ማለትም እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ በሚፈጥረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ልምድ የሌለው መሪ ውበቱን አይቶ ድንኳኑን ከሐይቁ ዳር ያስተክላል፤ ነገር ግን በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ በጎድጓዳው ወለል ይተኛል፤ ጤዛውም ልብሱን ያርሰዋል። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይመታው የተዳፋት እርከን ይሻላል፤ መሬቱ የግጦሽ ከሆነ ደግሞ ባለቤቶቹ ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። የአጋሰሶች፣ ማለትም የጭነት እንስሳት ኪራይም በአካባቢው ሰዎች ተራ መሠረት መፈጸም አለበት፤ ከከተማ ፈረስ አስጭኖ መምጣት ጠብ መግዛት ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚውሉ ቀናት ካሉ ስንቁ የጾም ይሁን፤ ክረምት ከሆነ ግን ጭቃው ያሸንፋልና ጉዞው ለጥቅምት ይቆይ።

መንገዱ ውኃን ቢከተል ሌላ ትርጉም ያገኛል። ከደንዲ የሚወጣው ውኃ በሁሉቃ ወንዝ አድርጎ በአምቦ በኩል ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ አባይ ሲሄድ፣ የወንጪው በወልጋ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚሻገር እግረኛ በግማሽ ቀን የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ወሰን ያልፋል። የመጨረሻው ሌሊት አምቦ ቢሆን የደከመ እግር ፍል ውኃ ያገኛል።

በዚህ ሥራ ለቆየ ባለሙያ ማደሪያ መምረጥ የሌላውን ሰው እንቅልፍ በአደራ መቀበል ነው፤ መንገደኛው ያየውን ሐይቅ ስም ቢረሳ እንኳ በብርድ ያደረበትን ሌሊት አይረሳም። እንግዲህ ጉዞ የሚገዛ አንባቢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ፣ ብርድ ልብሱን ማን እንደሚያቀርብና ፈረሶቹ የማን እንደሆኑ ይጠይቅ።