ለዘመናት የተጠረበ፣ ለአንድ ሌሊት የተጎነጎነ

ማዱራይ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። እምብርቷ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነው። ጎዳናዎቿ መቅደሱን በአራት ማዕዘን ይከቡታል፤ አንዱ ከሌላው ውጭ እየሰፋ ይሄዳል፤ ብዙዎቹም የሚጠሩት በታሚል ወራት ስም ነው።

ሚናክሺ ለማዱራይ ሰዎች እንስት አምላክም ንግሥትም ናት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ልጅ ያልነበረው የፓንዲያ ንጉሥ ለመሥዋዕት ካነደደው እሳት ውስጥ ወጣች። እንደ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ የጦር ስልት እየተማረች አደገች። ጦር መርታ አገር ካስገበረች በኋላ አምላኩን ሺቫን አገኘች፤ ያን ጊዜ መሣሪያዋን ጥላ ሙሽራው ሆነች። እዚህ ከተማ ሺቫ ሱንዳሬሽዋራር ይባላል። በቤተ መቅደሱ ውስጥ በድንጋይ፣ በኖራ፣ በእንጨት፣ በጨርቅና በአበባ እየተደጋገመ የሚነገረው የእነዚህ ሁለት ጋብቻ ነው።

የዴልሂ ሱልጣን ጦር እ.ኤ.አ. በ1311 ማዱራይን ዘርፏል። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በናያካ ገዥዎች ዘመን የተሠራ ነው። የሂንዱ እምነት ተከታይ ያልሆነ ጎብኚ ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይዘልቅም። ሆኖም ከዚያ ውጭ ያለው ብቻ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው።

ከድንጋዩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1569 እንደተሠራ የሚነገርለት ባለ ሺህ ዓምዱ አዳራሽ በእርግጥ ያሉት 985 ዓምዶች ናቸው። የቀሪዎቹን ቦታ መቅደሶች ይዘውታል። ሁሉም ግራናይት ናቸው፤ ግራናይት ደግሞ ለመሮ የሚመች ድንጋይ አይደለም። እንደ እንጨት አይላጥም፤ በጥቂት በጥቂቱ እየተፈረፈረ ነው የሚነሣው። የመሮው ጫፍ ቶሎ ስለሚደንዝ በየጊዜው እሳት ገብቶ ይሳላል። ስህተት ደግሞ የሚደፈንበት መንገድ የለም፤ የአንዲት ጣት ጫፍ ከተሰበረች ለዘላለም ተሰበረች። ሆኖም ባለ ዝሆን ራሱ አምላክ ጋኔሻ ከባድ ሆዱን ይዞ ሲጨፍር ከዓምዱ ወጥቶ ይታያል፤ እሱም ዓምዱም አንድ ድንጋይ ናቸው።

አንበሳና ዝሆን የተዳቀሉበት የሚመስለው ያሊ የተባለው የአፈ ታሪክ አውሬም በዓምዶቹ ላይ ይነሣል። በአንዳንዶቹ አፍ ውስጥ ክብ የድንጋይ ኳስ አለ። በጣት ቢገፉት ይዞራል፤ ቢስቡት ግን ከጥርሶቹ መካከል አይወጣም። ከውጭ የገባም አይደለም። ጠራቢው በጥርሶቹ ክፍተት መሮ እያስገባ፣ እዚያው አፉ ውስጥ ከራሱ ከድንጋዩ ፈልፍሎ አላቀቀው።

ካምባታዲ በሚባለው አዳራሽ ጋብቻው ራሱ ተቀርጿል። ሚናክሺ እጇን ለሺቫ ትሰጣለች፤ እንደ ወንድሟ የሚቆጠረው አምላክ ቪሽኑ አጠገቧ ቆሞ ይድራታል። ያች ጦር የመራች ልጅ እዚህ አንገቷን ሰበር አድርጋለች። በዚያ ጠጣር ድንጋይ ላይ የሙሽራን እፍረት ማውጣት መቻሉ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደንቀኛል።

ወደ ማማዎቹ ሲመጣ ሥራው ይለወጣል። መቅደሱ 14 ማማዎች አሉት። ከሁሉ የሚረዝመው ደቡባዊው እ.ኤ.አ. በ1559 የተሠራ ሲሆን ከ50 ሜትር ይበልጣል። ከሥሩ ግራናይት፣ ከላይ ጡብ ነው፤ ጎኖቹም ቀጥ ከማለት ይልቅ በስሱ ወደ ውስጥ እየሰረጎዱ ይወጣሉ። በላዩ የተደረደሩት ምስሎች ከኖራ የተሠሩ ናቸው። በባህላዊው አሠራር ኖራውና አሸዋው ላይ ያልተጣራ ስኳርና የዛፍ ፍሬ ጭማቂ ይጨመራል፤ እንዲይዝና እንዲጠነክር። ባለሙያው በግንበኛ ማንኪያና በጣቱ፣ ኖራው ሳይደርቅ ይቀርጻል፤ ከዚያ ቀለም ይከተላል። ዓይኖቹን ጎላ የሚያደርጋቸው ከታች ከጎዳናው ቀና ብሎ የሚያየውን ሰው እያሰበ ነው።

ኖራ ግን ዝናብና ፀሐይ ይበላዋል። ስለዚህ በልማዱ በየ12 ዓመቱ መወጣጫ ይቆማል፤ የተሰበረው ይጠገናል፣ ቀለሙ ይታደሳል፣ መቅደሱም እንደገና ይቀደሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ተደርጓል።

ከዚያ የዓመቱ ሥራ አለ። በሚያዝያ ግድም፣ ቺቲራይ በሚባለው ወር፣ ማዱራይ የሚናክሺን ንግሥናና ሠርግ ታከብራለች። በሠርጉ ቀን ብዙ ያገቡ ሴቶች የጋብቻቸው ምልክት የሆነውን የአንገት ክር በአዲስ ይለውጣሉ። በማግሥቱ ሙሽሮቹ በየሠረገላቸው ይወጣሉ። የሠረገላው የታችኛው ክፍል ረድፍ በረድፍ የተቀረጸ እንጨት ነው፤ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ከላይ ያለው ግንብ መሳይ ክፍል ግን ለበዓሉ ተብሎ በየዓመቱ በአግዳሚና በቀለማት ጨርቅ ይሠራል። ሕዝብ በወፍራም ገመድ ይጎትተዋል። መሪ የለውም፤ የእንጨት ሽብልቅ የያዙ ሰዎች ከመንኮራኩሩ ሥር እየወሸቁ ያዞሩታል፣ ያቆሙታልም። ያም ሥራ ራሱ ጥበብ ነው፤ ሽብልቋ ለአፍታ ብትዘገይ ሠረገላው ከቤት ግድግዳ ጋር ይላተማል። በዓሉ ወደ ፍጻሜው የሚቃረበው፣ በካምባታዲ ከተቀረጸው በተለየ አተራረክ፣ ቪሽኑ ከአላጋር ኮረብታ ወርዶ፣ ለእህቱ ሠርግ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ወደ ቫይጋይ ወንዝ ሲገባ ነው።

ከሁሉ አጭር ዕድሜ ያለው አበባው ነው። የማዱራይ ጃስሚን ዝናው የታወቀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 የመልክዓ ምድራዊ መገኛ መለያ አግኝቷል። እንቡጡ ሳይፈነዳ በማለዳ ይለቀማል። በመቅደሱ ዙሪያ የተቀመጡ አበባ ጎንጓኞች መርፌ አይዙም። ክሩን በጣታቸው እየቋጠሩ፣ እንቡጦቹን ጫፍና ጫፍ እያገጣጠሙ፣ ወገባቸው ሳይቀጠፍ ያስሯቸዋል። በየማታው መቅደሱ ሊዘጋ ሲል የሺቫ እግሮች ምስል በሰው ትከሻ፣ በከበሮና በዕጣን ታጅቦ ወደ ሚናክሺ ክፍል ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የሚፈካው አበባ በነጋታው ጠውልጎ ይጣላል።

እዚህ ላይ ነው የማዱራይ ትልቁ ነገር ያለው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን የሚዘልቀው ዓምድና ለአንድ ሌሊት የሚሆነው ጉንጉን የተሠሩት በእኩል ጥንቃቄ ነው። የሚጠፋ ነው ተብሎ የተቃለለ ሥራ የለም። ሙያውን በሕይወት ያቆየውም ይህ የሚጠፋው ሥራ ይመስለኛል። ኖራው ባይፈርስ ኖሮ ኖራ ቀራጭ ባልተረፈ፤ የሠረገላው ጨርቅ በየዓመቱ ባይወርድ ኖሮ አሠራሩን የሚያውቅ እጅ ባልኖረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 እሳት ከመቅደሱ አዳራሾች አንዱን ሲጎዳ፣ እንደገና ግራናይት የሚጠርብ ሰው አስፈልጓል። እንዲህ ያለ ሰው ሊገኝ የሚችለው ሥራው ባልተቋረጠበት አገር ነው።

ወደ ማዱራይ የሚሄድ ሰው ማማዎቹን ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። ጊዜ ካለው በቺቲራይ ወር ይሂድ፤ ማማውን ካየ በኋላም ሽብልቅ ከሚወሽቁት ሰዎችና ከአበባ ጎንጓኞቹ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ይቁም። ዓምዶቹን የጠረቡትን እጆች ማየት አይቻልም፤ የእነሱን ጥንቃቄ የሚጠብቁትን ግን ይቻላል።