ሐኪሙ ሲታመም

አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተሰኘ ልብ ወለድ ርዕሱን የወሰደው ከሂፖክራተስ ቃለ መሐላ ነው፤ የጥንቱ ሐኪም የፊኛ ጠጠር ያለበትን ሕመምተኛ በስለት እንደማይነካ ይምል ነበር። «ስቶን» ግን የአንድ ቀዶ ሐኪም ገጸ ባሕርይም ስም ነው፤ ፍቺው ድንጋይ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ፣ «ሚሲንግ» በተባለ ምናባዊ ሆስፒታል ይጀምራል። ስቶንን በቀዶ ሕክምና ለዓመታት የረዳችው መነኩሲት ነርስ መንታ ልጆቹን ስትገላገል ትሞታለች፤ እርሱም ሕፃናቱን ጥሎ ይሸሻል። አንባቢ «ልበ ድንጋይ» ብሎ ሊፈርድበት ይቸኩላል። ደራሲው ግን ስቶን ቀድሞም በመጠጥ ራሱን ይስት እንደነበር፣ የምታስታምመውም ያችው ነርስ እንደነበረች ያሳያል። እርሷ ስትሞት አስታማሚ አጣ።

የመጽሐፉ ጉድለትም ከዚህ ይመነጫል። የሐኪሞቹ ቁስል የሚጠገነው በሥራና በባልንጀራ ፍቅር ነው፤ ሆስፒታሉን ደግፎ የሚያቆመው የዶክተር ጎሽ ደግነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በሥራ መዛልን መላ ካልተበጀለት የሥራ ቦታ ጫና ጋር ሲያያይዘው፣ ነገሩ የግለሰብ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ አመልክቷል። ጎሽ በሌለበት ሆስፒታል ስቶንን ማን ያስታምመዋል? ልብ ወለዱ ይህን አይጠይቅም፤ አንባቢው ግን ሊጠይቅ ይገባዋል።