የጭቃ ግድግዳና የመዛግብት አየር

በ1998 ቲም ፓድፊልድ ለዶክተርነት ማዕርግ በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ድርሰት፥ ውኃ የሚመጥጡ የሕንጻ ዕቃዎች የቤትን አየር እርጥበት ከመለዋወጥ ለመግታት ስላላቸው ችሎታ የተጻፈ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አርእስቱ ሲታይ ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስለ መጻሕፍትና ስለ መዛግብት አጠባበቅ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቀርቦ የሚገኘው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድርሰቱ ከሚያመሰግናቸው ዕቃዎች አንዱ በእሳት ያልተተኰሰ ሸክላ፥ ይኸውም ጭቃ ነው።

የድርሰቱን ዋጋ ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1941፥ የለንደን ናሽናል ጋለሪ ሥዕሎች ከቦምብ ለማምለጥ በዌልስ ተራራ ወደሚገኘው የማኖድ የድንጋይ ዋሻ ተወሰዱ። ዋሻው ቀዝቃዛና እርጥብ ስለ ነበረ በውስጡ የጡብ ቤቶች ተሠርተው አየሩ በመጠኑ እንዲሞቅ ተደረገ። የአየሩ ጠባይ በማይለወጥበት በዚያ ሥፍራ የሥዕሎቹ ቀለም መላላጥ እጅግ ቀነሰ፤ ወደ ለንደን በተመለሱ ጊዜ ግን እንደ ገና ጀመረ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት እውነተኛ ነበር። በኋላ ግን ትምህርቱ ወደ ቁጥር ተለወጠ። የዚሁ ጋለሪ የሳይንስ አማካሪ የነበሩት ጋሪ ቶምሰን በ1978 ባሳተሙትና በ1986 አሻሽለው ባወጡት ስለ ሙዚየም አየር በተጻፈ መጽሐፍ ምክንያት፥ እርጥበት በመቶ 50 ወይም 55 ሆኖ ከ5 በላይ ወጣ ገባ እንዳይል የሚለው ደንብ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

ቶምሰን ራሳቸው ከተከታዮቻቸው ይልቅ ጠንቃቃ ነበሩ። ይህ ጠባብ ወሰን የተወሰነው ጥቂት ለውጥ በዕቃው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጥልቅ ስለ ታወቀ ሳይሆን፥ መኪናዎች ሊጠብቁት የሚችሉት መጠን ያ በመሆኑ እንደ ሆነ ገልጠው ጽፈዋል። ከዚህም በላይ ለታሪካዊ ቤቶችና ለአብያተ ክርስቲያናት ከ40 እስከ 70 የሚደርስ ሰፊ ወሰን የሚፈቅድ ሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋል። ይህን ሁለተኛ ደረጃ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቁጥሩ ከምክንያቱ ተለይቶ ባሕር ተሻገረ፤ ከቀዝቃዛው አገር የተነሣው ደንብ በሞቃቱም በደጋውም አገር እንደ ቀኖና ተቈጠረ፤ ሌሊትና ቀን የማይቆም ማቀዝቀዣና ማድረቂያ የሌለው ቤተ መዛግብት ሁሉ ጐደሎ ተባለ።

በመቶ የሚነገረው እርጥበት፥ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው የውኃ እንፋሎት ውስጥ የተሸከመው እጅ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ አንዲት ጠብታ ሳትወጣ፥ ክፍሉ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ይህን የሚከተሉት ዕቃዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራውና በአሉም የተዘጋጀው ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ራሱን ይበላል፤ ሙቀት ይህን መብላት ያፋጥነዋል፤ ሊቃውንቱም ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ያህል በቀነሰ ቁጥር የወረቀቱ ዕድሜ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ይገምታሉ። ብራና ግን ቆዳ ነው። ብዙ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ የተፈጠረበትን የእንስሳ ገላ ቅርጽ እያስታወሰ ይጨማደዳል። ከመቶ 65 ወይም 70 በላይ የሆነ እርጥበት ሳይወርድ ሲቆይ ደግሞ ሁለቱንም ሻጋታ ይይዛቸዋል። እንግዲህ ለጋዜጣ ክምር የሚበጀውን ለብራና ወንጌል፥ ለብራና የሚበጀውን ለፎቶግራፍ ፊልም ማዘዝ፥ ለበሽተኞች ሁሉ አንድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

የፓድፊልድ ድርሰት ከዚህ ቀኖና የወጣው በክርክር ሳይሆን በሙከራ ነው። ልዩ ልዩ የግድግዳ ዕቃዎችን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፥ በሣጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲወጣና ሲወርድ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል ውኃ እንደሚመጥጥና እንደሚመልስ ለኩ። የተተኰሰ ጡብ ደካማ ሆኖ ተገኘ። በአግድሙ የተቈረጠ እንጨትና ያልተተኰሰ ሸክላ ግን ብርቱዎች ሆኑ። አየር በብዛት በማይመላለስበት ክፍል እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለ ምንም መኪና የእርጥበቱን መለዋወጥ ያለዝበዋል፤ ወረቀትና ብራናም ራሳቸው ውኃ መጣጮች ስለ ሆኑ፥ መደርደሪያው የሞላ መዛግብት ቤት ገሚሱን ሥራ በገዛ እጁ ይሠራል። የአይስላንድ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት በኮፐንሃገን የሚጠበቁበት የአርናማግኔያን መዛግብት ቤት ሲሠራ የተከተለው ይህንኑ አሳብ ነው። ሰብሳቢያቸው አርኒ ማግኑሶን በ1728 በከተማው ላይ በተነሣው ቃጠሎ ብዙ መጻሕፍታቸውን ያጡ ሰው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የደንብ አውጭዎችም ልብ ለዘበ። በ2000 የወጣው የእንግሊዝ የመዛግብት ደንብ ከ16 እስከ 19 ዲግሪ ሙቀትና በመቶ ከ45 እስከ 60 እርጥበት ይጠይቅ ነበር፤ በ2012 የተተካው ከ13 እስከ 20 ዲግሪና ከ35 እስከ 60 ፈቀደ። በ2014 ደግሞ ሁለቱ ታላላቅ የቅርስ ጠባቂዎች ማኅበራት የአየር ደንብ እንደየአገሩ ጠባይ እንዲታይና የኃይል ፍጆታ እንዲቀነስ በጋራ አስታወቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉን ለማቀዝቀዝ የሚነደው ነዳጅ የውጭውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ደግሞ ሌላ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል።

ድርሰቱ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲመዝን አንድ ነገር ሳይመዝን አልፏል፤ ይኸውም በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ስሌቱ ሁሉ የቆመው የክፍሉ አየር በዝግታ በመለወጡ ላይ ነው። ለመሐንዲስ ይህ በቁጥር የሚገባ አንድ መጠን ነው፤ ስለ ሕዝብ ልማድ ለሚመረምር ግን ዋናው ነገር እርሱ ነው። ማን፥ በየትኛው በዓል፥ ለስንት ሰዓት ይከፍታል? መጽሐፉ ለንባብ ወጥቶ ሲመለስ የቅኔ ማኅሌቱን እርጥበትና የጧፉን ጢስ ይዞ ይገባል ወይስ አይገባም? ይህ ጐደሎ በዴንማርክ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ቁልፉ በአንድ ሠራተኛ እጅ፥ መጽሐፉም በተመራማሪ ፊት ብቻ ነውና። ብራናው ዛሬም የሚነበብበትና የሚዜምበት አገር ላይ ሲደርስ ግን ስሌቱ ይናጋል።

በኢትዮጵያ መጽሐፍ የሚኖረው ሦስት ልብስ ለብሶ ነው። ብራናው በእንጨት ገበታ መካከል ተጠርዞ ይያዛል፤ መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ይገባል፤ ማኅደሩም በማንገቻው ከግድግዳ ይሰቀላል፥ ወይም ወፍራም ግድግዳ ባለው ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ገበታው ብራናው እንዳይጨማደድ ይጫነዋል፤ ማኅደሩ የአየሩን መመላለስ ይገድባል፤ ከመሬትና ከአይጥ ርቆ መሰቀሉም ይረዳል። ፓድፊልድ በሣጥን ውስጥ የሠሩትን የሚመስል ሥራ ማኅደሩ በየመጽሐፉ ይሠራል ማለት ነው። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት፥ በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተገመቱት፥ ያለ አንዳች መኪና እስከ ዛሬ ደርሰዋል።

ከዚህ ተነሥቶ የአባቶች አጠባበቅ ፍጹም ነበር የሚል ሰው ግን የቀሩትን ቆጥሮ የጠፉትን ይረሳል። በግራኝ ጦርነት ጊዜ የተቃጠሉት፥ በሚያፈስ ጣራ ሥር የበሰበሱት፥ ምስጥና አይጥ የበላቸው ለምስክርነት አይቀርቡም። መልካም አየርም ብቻውን መጽሐፍን አያድንም፤ በኮሎኝ ከተማ በ1971 በወፍራም የጡብ ግድግዳ፥ በብዙ መኪና ሳይመካ እንዲሠራ ታስቦ የታነጸው የመዛግብት ቤት ለሌሎች ምሳሌ ሆኖ ሲኖር፥ በ2009 በአጠገቡ ለምድር ውስጥ ባቡር በተቈፈረው ጕድጓድ ምክንያት ፈርሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ መዛግብቱም ከፍርስራሹ ሥር ተቀበሩ።

አስቸኳዩ ጉዳይ ሌላ ነው። የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን የድህነት ምልክት ተደርጎ በመታየቱ፥ ቤት ሲታደስ በሲሚንቶ ብሎኬትና በቆርቆሮ መተካት ተለምዷል። ቆርቆሮ ዝናብን መከልከሉና ከእሳትም የሚሻል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ያለው ክፍልም ያን ሁሉ ለውጥ ይቀበላል። ጭቃው ሲነሣ የሚያለዝብ ዕቃ አብሮ ይነሣል። እንዲህ ያለው ቤት ከተሠራ በኋላ አየሩ ተለክቶ ከደንቡ ውጭ ሆኖ ሲገኝ፥ የሚከተለው አሳብ ወይ መኪና ይገዛ፥ ወይ መጽሐፉ ወደ ከተማ ይወሰድ የሚል ይሆናል። መኪናው መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ የቆመ ማቀዝቀዣ ያለው ዝግ ክፍል ደግሞ መኪና ካልገባበት ክፍል የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መጽሐፉ የተወሰደ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያነበውን፥ አገሩም የሚማልበትን ያጣል።

የመንግሥት መዛግብትና የጋዜጦች ነገር ከዚህ ይለያል። በ1925 የተጀመረው የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ዓይነት ወረቀት በማኅደር አይድንም፤ የሚረዳው ቅዝቃዜ ነው። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ደጋ ብዙ የሞቃት አገር ከተሞች በገንዘብ የሚገዙትን ነፋሻ አየር በነጻ ይሰጣል፤ ክረምቱን ከሻጋታ መጠበቅ ግን የግድ ነው።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሊጻፍ የሚገባው የዶክተርነት ድርሰት የፓድፊልድን ሣጥን እንደ ገና መሥራት አያስፈልገውም። የክብሪት ሣጥን የሚያህል በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ሙቀትንና እርጥበትን በየሰዓቱ እየመዘገበ ዓመት ሙሉ ይቆያል። አንዱ ከጣራ ሥር፥ አንዱ በዕቃ ቤቱ መካከል፥ አንዱ በማኅደሩ ውስጥ ከገበታው አጠገብ ይቀመጥ፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት በሩ የተከፈተበትንም ቀንና ሰዓት ቄሰ ገበዙ በራሱ መዝገብ ይጻፍ። በሦስቱ መለኪያዎች መካከል የሚገኘው ልዩነት ከመዝገቡ ጋር ተነጻጽሮ ሲሰለፍ የድርሰቱ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ይሆናል፤ ብሎኬት በገባበትና ጭቃው ባልተነካበት ቤት ጐን ለጐን ቢሠራ ደግሞ ሁለተኛው።