«የሻጋታ መርዝ» ስለሚባለው ስያሜ

ስለ ምግብ ደኅንነት በሚተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ «ማይኮቶክሲን» ለሚለው ሙያዊ ቃል ሁለት አቻዎች ይዘወተራሉ፤ እነርሱም «የፈንገስ መርዝ» እና «የሻጋታ መርዝ» ናቸው። የፊተኛው ወሰኑ እጅግ ሰፊ ነው። ፈንገስ ሲባል እንጉዳይም እርሾም ይገባበታል፤ በሙያው ልማድ ግን የእንጉዳይ መርዝ ከማይኮቶክሲን አይቈጠርም። ስለዚህ ይህን አቻ ለማሰናበት ብዙ ክርክር አያሻም።

የኋለኛው ችግር ረቂቅ ነው። ሻጋታ ለአማርኛ ተናጋሪ በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ነገር ነው፤ ከዳቦው ላይ ተፍቆ ይጣላል፣ ከእህሉ ላይ በፀሐይና በወንፊት ይራገፋል። ተርጓሚው ቃሉን ለማቅለል ሲል «ሻጋታ ያለበት ምግብ አትመገቡ» ብሎ ሲጽፍ መርዙ ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣና ሻጋታው ብቻ ይቀራል። አንባቢውም ሻጋታውን ያራገፈ ጊዜ ትእዛዙን የፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ሻጋታው ሞቶም መርዙ በእህሉ ውስጥ ይቈያል። ከዚህም የባሰ አለ፤ የተበከለ የኑግ ፋጉሎ የበላች ላም በሰውነቷ የለወጠችው አፍላቶክሲን «ኤም 1» በሚባል መልኩ ከወተቷ ጋር ይወጣል። በወተቱ ውስጥ ግን ሻጋታ የሚባል ነገር የለም።

አፍላቶክሲን የሚለውን ስም ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ምክንያት ከ100,000 በላይ የተርኪ ጫጩቶች ካለቁ በኋላ የወጣ፣ «አስፐርጊለስ ፍላቨስ» ከተባለው ሻጋታ ስም የተቀነጨበ ነው። የአማርኛ ጆሮ ግን በመጀመሪያው ክፍል «አፍላ» የሚል ትእዛዝ ይሰማበታል። መርዙ በተራ ማፍላት የማይጠፋ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከዚህ የበለጠ አሳሳች አጋጣሚ አይገኝም።

እኔ የምመርጠው «ሻጋታ ወለድ መርዝ» የሚለውን ነው። የተወለደ ነገር ከወላጁ ተለይቶ ሊኖር ይችላልና። በእርግጥ «ውሃ ወለድ በሽታ» ስንል ውሃው አስተላላፊ እንጂ አመንጪ ስላልሆነ፣ «ወለድ» ሁለት ዐይነት ዝምድና ሊሸከም ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ይሁንና ከሁለቱ ስሕተቶች ይህኛው ጉዳቱ ያነሰ ነው።

«መርዝ» የሚለውም ቃል ፍቺው መታረም አለበት። በተለመደው አነጋገር መርዝ ቶሎ የሚገድል ነው፤ «የምግብ መመረዝ» ሲባልም በዕለቱ የሚያስመልስ ሕመም ይታሰባል። በስንዴና በበቆሎ ላይ የሚገኘው ዲኦክሲኒቫሌኖል መጠኑ ሲበዛ በእርግጥ ያስመልሳል፤ በትንሽ መጠን ግን የአንጀት ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ እያወከ፣ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙበትን ያላላል። ይህን መያያዣ «መገጣጠሚያ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ አንባቢ ግን ጉልበትና ክርን ይታየዋል። «ስፌት» ቢባል ሥራውን ይበልጥ ያሳያል።

ከዚሁ የመነጨው «የሚያፈስ አንጀት» የሚለው የቃል በቃል ትርጕም ደግሞ የበሽታ ስም መስሎ መግባቱ አግባብ አይደለም። ስፌቱ መላላቱ በብዛት የታየው በቤተ ሙከራ ባደጉ ሕዋሳትና በአሳማዎች ላይ ነው፤ ሐረጉም በሕክምና የታወቀ የአንድ በሽታ መጠሪያ አይደለም። አማርኛ ማፍሰስን ለጣሪያ ይናገራል፤ ጣሪያ ያፈሳል ሲባል ቀዳዳው ይፈለጋል፣ ይደፈናል። በመዝገበ ቃላት የሚገባ ከሆነ «የአንጀት ስፌት መላላት» ተብሎ፣ ሁኔታን እንጂ በሽታን እንደማይሰይም በፍቺው ውስጥ ተጽፎ ይግባ።