ሲጠብቅና ሲላላ

ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ነው። ከአምቦ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚወጣ መንገደኛ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት አገር ውስጥ ያልፋል። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግሞ ያሳያል፤ የግዕዙ ፊደል ዝም ይላል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ግን ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል።

እኔን የሚደንቀኝ ሴልም እንዲህ ማጥበቁ ነው። ከዲኤንኤ በተገለበጠው አርኤንኤ ላይ፣ በአንዳንድ «ኤ» ፊደሎች ጫፍ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ያላት ሜቲል ትለጠፋለች። ፊደሉ ያው ነው፤ መልእክቱ ግን እንደ ቦታው ዕድሜው ይረዝማል ወይም ቶሎ ይፈርሳል። ምልክቷ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትታወቃለች፤ ኤፍቲኦ የሚባል ፕሮቲን ሊያነሳት እንደሚችል የታየው ግን በ2011 ነው። ተመራማሪዎች ምልክቷን የሚለጥፉትን፣ የሚያነሱትንና የሚያነቡትን ፕሮቲኖች ጸሐፊ፣ ፋቂ፣ አንባቢ ይሏቸዋል። የብራና ሰው ያወጣላቸው ስም ይመስላል!

በትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ሜትል 3 ሲበዛ ሕመሙ እንደሚከፋ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ተቃራኒውን ያገኙም አሉ። እኔ ለዚህ አለመስማማት አክብሮት አለኝ፤ አንዲት ምልክት በአንዱ ቃል ላይ ታድናለች፣ በሌላው ትገድላለች። ሐኪም ግን ዛሬም የሕመምተኛውን ዕጣ በዋናነት የሚገምተው ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል እንደዘለቀ፣ ሊምፍ እጢዎችን ወይም ጉበትን ነክቶ እንደሆነ አይቶ ነው። ምልክቷ በየትኛው ቃል ላይ እንደምትከፋ ለመለየት፣ ገና ነው። ላልቶ ይነበብ።