ክራርና ፍሪጅ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አዲስ ተማሪ ክራሯን ከቦርሳው አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ስልኳን ከፈተችና «ጋሼ፣ እርስዎ የትኛውን አፕ ነው የሚጠቀሙት?» አለችኝ። ለመቃኛ ማለቷ ነው። «ጆሮዬን» ብላት ቀልድ መስሏት ሳቀች።

በቅንነት ነው የጠየቀችው። ባንክ ትሠራለች፤ እኔ ዘንድ የምትደርሰው ደክሟት ነው፤ ቶሎ ቃኝታ ቶሎ መጫወት ትፈልጋለች። አፑ ክሩን ስትነካው አረንጓዴ መብራት ያበራላታል፤ አረንጓዴ ሆነ ማለት ተቃኘ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ሽማግሌ ምን ቆርጦት ነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ የክራሩን ቀንበር ሲያሽ የሚቀመጠው?

የእኔ ሙግት መቃኘት ከጨዋታ በፊት የሚያልቅ ጣጣ አይደለም፣ ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው የሚል ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ቃኘ ስንል ክር አጠበቀ ወይም አላላ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ አገር ዞሮ አየ፣ አጠና ማለትም ነው። ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ቃኚ ይላካል። ቃኚ ደግሞ ጆሮውን አቁሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሄደው። ስልኩ ከቃኘልሽ አገሩን ያየው ስልኩ ነው፤ አንቺ ገና ከቤት አልወጣሽም።

ደግሞስ አረንጓዴው መብራት የማንን አገር አይቶ ነው የሚመጣው? የፒያኖን ነው። ኦክታቩን ለ12 እኩል የከፈለ ሚዛን ነው፤ መነሻውም በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ላ ነው። ይህ ሚዛን ለፒያኖ ደግ ነው፤ ከፈለጉት ቁልፍ ተነሥቶ መጫወት ያስችላል። ግን በነፃ አይደለም። ሙዚቀኞች ግማሽ ድምፅን ለ100 ሸርፈው አንዱን ሽራፊ ሴንት ይሉታል፤ ከዶ ጋር ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ የሚገጥመው ንጹሕ ሚ ከፒያኖው ሚ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፒያኖው ያንን ንጽሕና ከፍሎ ነው በየቁልፉ የመዘዋወር መብት የገዛው። ክራር ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ክር ነው ያለው፤ 5ቱ ቅኝቱን ይሠራሉ፣ 6ኛው የአንዱ ኦክታቭ ነው። የሚዘዋወርበት ቦታ የለም። ታዲያ ያልበላውን ዕዳ ለምን ይከፍላል?

ከኪቦርድ ጋር መድረክ ስወጣ እኔም በኪቦርዱ ነው የምቃኘው፤ ሌላ መላ የለውም። አንድ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሠርቻለሁ። ኪቦርዲስቱ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ በቅንድቡ «ና» ይለኛል፣ እኔ እከተላለሁ። ኋላ ላይ አንድ ቀን ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ክራሬን ስቃኝ፣ እጄ የሆቴሉን ትዝታ ሲሠራ ያዝኩት። ደነገጥኩ። ደመወዙ ግን ክፉ አልነበረም፤ እራቱም እንደዚያው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደፋኋትና ዶውን ሰጥቻት ሶሉን ራሷ ፈልጋ እንድታመጣ ነገርኳት። ሁለቱ ክሮች ለመግጠም ሲቃረቡ ው… ው… ው… የሚል ሞገድ ይሰማል። እየቀረብሽ ስትሄጂ ሞገዱ ይዘገያል፤ ሲገጥም ይረጋል። 20 ደቂቃ ፈጀባት። አንዴ አልፋው ሄደች፤ ስትመለስ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ አልዞር አላት፤ አዲስ የናይለን ክር ደግሞ ስለሚሳብ ያወጣችውን መልሶ ያወርድባታል። በመጨረሻ እጇን ከክሩ አነሣችና «ቆመ» አለች። ሞገዱን ማለቷ ነው። እኔ ከዚህ በላይ የማስተምረው ነገር የለኝም ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ከዚያ ሜጀር ትዝታን ወደ ማይነር አስለወጥኳት። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ማላላት ነው፤ የቀሩት ክሮች አይነኩም። ሁለት ጨርቆች ትንሽ ትንሽ ዞሩ፤ ክሮቹን አንድ ጊዜ ስታወርዳቸው ግን ቤቱ ውስጥ መርዶ የገባ መሰለ። «ምነው?» አለችኝ፣ እኔ ያጠፋሁ ይመስል። ይህንኑ በአፑ ብታደርገው ሁለት አረንጓዴ መብራት አይታ ታልፈው ነበር። በገዛ እጇ ስላላላችው ግን ኀዘኑ ከየትኞቹ ሁለት ክሮች እንደመጣ አወቀች፤ ከእንግዲህ ታክሲ ውስጥ ማይነር ትዝታ ሲከፈት ትለየዋለች።

አንቺሆዬን ገና አላሳየኋትም። ትዝታም ባቲም አምባሰልም ከመነሻቸው ንጹሕ አምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት) አላቸው፤ ጆሮ እሱን ተደግፎ ይሄዳል። አንቺሆዬ ያ ድጋፍ የለውም። ፋውን ይዞ በጨለማ መደባበስ ነው። ስለ አንቺሆዬ ከጀመርኩ አልጨርስም፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ወጣቶቹ «እርስዎ ጥሩ መምህር ስለነበረዎት ነው» ይሉኛል። የእኔ መምህር ባትሪ ድንጋይ ነበር። አክስቴ ቤት በድንጋይ የምትሠራ ቴፕ ነበረች፤ እኔም የአስናቀች ወርቁን ካሴት ከፍቼ ክራሬን ከእሷ ጋር ለማስማማት እታገል ነበር። (ኋላ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛውን ቅጽ ለእሷ ሰጥቷል፤ ያልሰማችሁ ስሙት፤ ስትሰሙም ድምፅዋ አረፍ ሲል ክራሩ የሚለውን አትለፉት።) ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይዘገያል፣ አስናቀችም አብራ ትወርዳለች። ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን፤ ሲመለሱ ለአንድ ሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራሉ። እኔም ከቴፑ ጋር ስወርድና ስወጣ አደግሁ። መነሻው ወረደም ወጣም፣ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት እስካልተበላሸ ድረስ ትዝታ ትዝታ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። 440 የሚባል ቁጥር መኖሩን የሰማሁት ጺም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

የዚህ ሥራ መዘዙ ቤት ሲገቡ ጆሮን እንደ ኮት አውልቆ መስቀል አለመቻሉ ነው። የጎረቤታችን የብረት በር ሲከፈት ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ሁለቱ አምባሰል ውስጥ ያሉ ናቸው፤ በሩ ዘይት ሲቀባ ቅር ብሎኝ ነበር። ፍሪጃችን ደግሞ ያጎራል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አሮጌ ፍሪጅ የሚያጎራው በእጥፉ፣ በ100 አካባቢ ነው፤ ይህም ከፒያኖው ሶል ጥቂት ከፍ ይላል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወጥ ቤት ገብቼ ክራሬን ከእሱ ጋር እቃኛለሁ። ባለቤቴ ይህን ለዘመድ ሁሉ አውርታዋለች።

እሷ ራሷን «ሙዚቃ የማላውቅ» ነው የምትለው። አንድ ምሽት ምስር ትለቅማለች፣ እኔ በፍሪጁ እየቃኘሁ ነው። መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ባለቤቴ ናት። በአፍንጫዋ ባቲ ታንጎራጉራለች፤ መነሻዋ ከፍሪጁ ጋር ልክ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች እንጃ። 31 ዓመት በትዳር ኖረን፣ ለሰው ልጅ ሁሉ «ስሙ» እያልኩ ሳስተምር፣ እኔ አልሰማኋትም። ያን ምሽት ሻማ ሳልፈልግ የቀረውን ክር በእሷ ቃኘሁ። መብራቱ ሲመጣ ፍሪጁ ተነሣ፤ እሷ ትንሽ ወርዳ ነበር፤ ሳታውቀው ተመልሳ ገጠመችው። ስነግራት ካደች። እስከ ዛሬም ትክዳለች።

ልጃችን ከውጭ ደውሎ አዲስ ፍሪጅ ልግዛላችሁ እያለ ነው። ኢንቨርተር የሚሉት ነው፤ መብራት አይበላም፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም ብሎ ያሞግስልኛል። እናቱ ተስማምታለች። እኔ ገና ነኝ።