ናይን ሶልስ፦ የሚመጣውን ምት አይቶ መመከት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስላነበብነው መጽሐፍ ነው። የዛሬው ግን ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጌም ነው። "ብለው ብለው ደግሞ ስለ ጌም ጀመሩ?" የሚል መምህር እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። ከመካከላችን አንዱማ "ጦርነት ሸሽተን መጥተን ልጆቻችን ጎራዴ ሲያወዛውዙ ቁጭ ብለን እንይ?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጥያቄው የዋዛ ስላልሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የኮምፒዩተር ክፍሉን ስንከፍት ተማሪዎቹ አንድ ማሽን ላይ ይረባረባሉ። አንዱ ይጫወታል፤ ሰባት ስምንቱ ከኋላው ቆመው "ቆይ! ቆይ! አሁን!" ይላሉ። ተጫዋቹ ይሞታል፣ ወንበሩን ለተረኛው ይለቃል። ተረኛውም ይሞታል። እኛን የገረመን ማንም ተናዶ ጥሎ አለመሄዱ ነው። የሒሳብ ጥያቄ አንዴ ሲሳሳቱ እርሳሳቸውን የሚያስቀምጡ ልጆች እዚህ ሃያ ጊዜ ተሸንፈው ሃያ አንደኛውን ይጠብቃሉ። "ይሄ ነገር ምን ቢኖረው ነው?" ብለን እኛም ወረፋ ያዝን። ለስድስት ሳምንት ያህል መብራት እስኪጠፋ ድረስ እየተፈራረቅን ተጫወትነው። ያገኘነውን እነሆ።

ጌሙና ሠሪዎቹ

ጌሙ "ናይን ሶልስ" ይባላል፤ "ዘጠኝ ፀሐዮች" እንደማለት ነው። የሠራው ሬድ ካንድል ጌምስ የተባለ የታይዋን ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 መጀመሪያ ለኮምፒዩተር፣ በኅዳር 2024 ደግሞ ለሌሎች የጌም ማሽኖች ወጣ። ሥዕሉ በእጅ የተሣለ ነው። ታሪኩ ሲተረክም ስክሪኑ እንደ ሥዕላዊ መጽሔት በሣጥን በሣጥን ይከፋፈላል። የድሮ የቻይና ቤተ መቅደስ፣ የቀርከሃ ጫካ፣ የፋብሪካ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ባንድ ላይ ተደባልቀው ይታያሉ። ሠሪዎቹ የታኦን ፍልስፍና ከወደፊቱ ዘመን ቴክኖሎጂ ጋር ስላቀላቀሉት "ታኦፓንክ" የሚል ስም አውጥተውለታል።

ስሙም ከጥንት የቻይና አፈ ታሪክ የመጣ ነው። በአፈ ታሪኩ በሰማይ ላይ አሥር ፀሐዮች ባንድ ጊዜ ወጥተው ምድርን ሲያቃጥሉ፣ ሆው ዪ የተባለ ቀስተኛ ዘጠኙን አውርዶ አንዷን ተዋት ይባላል። የጌሙም ጀግና ስሙ ዪ ነው። እሱም ዘጠኝ ገዢዎችን አንድ በአንድ ሊፋለም ይነሳል።

ስለ ሠሪዎቹ አንድ ነገር እንጨምር። በ2017 ያወጡት "ዲቴንሽን" የተባለው የመጀመሪያ ጌማቸው የሚያሳየው በ1960ዎቹ የታይዋንን አንድ ትምህርት ቤት ነው። ታይዋን ከ1949 እስከ 1987 በወታደራዊ ሕግ ትተዳደር ነበር፤ በጌሙም ውስጥ የተከለከሉ መጻሕፍትን በድብቅ የሚያነቡ መምህራንና ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ "ማን ምን እንዲያውቅ ይፈቀድለታል?" የሚለው ጥያቄ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ አይደለም። ናይን ሶልስም ድመቱና ጎራዴው እንዳያታልለን እንጂ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ድመቶቹና ሰዎቹ

ዪ ድመት ይመስላል። ጆሮው የቆመ፣ ጭራ ያለው፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ነው። ወገኖቹ ሶላሪያን ይባላሉ። ፈውስ ያልተገኘለት ወረርሽኝ አገራቸውን ስላጠፋባቸው ጥለውት የወጡ፣ "ኒው ኩንሉን" በተባለ ግዙፍ ስፍራ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ስደተኞች ናቸው ማለት ነው።

በዚሁ ኒው ኩንሉን ውስጥ አንዲት ሰላማዊ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ እንደ እኛው ሰዎች ናቸው። ያርሳሉ፣ ያከብራሉ፣ ከአማልክት የሚመጣ ስጦታ ይቀበላሉ። ሶላሪያኖቹ ግን ሰው ብለው አይጠሯቸውም፤ "ዝንጀሮ ሰው" ነው የሚሏቸው። ሹዋንሹዋን የተባለ የመንደሩ ልጅ ዪን ቆስሎ ወድቆ አግኝቶ አድኖታልና ዪ ማንነቱን ደብቆ ከእነሱ ጋር ይኖራል። ከዕለታት አንድ ቀን በመንደሩ የመሥዋዕት በዓል ይደረጋል። በዚያን ጊዜ ነው በዓሉ በዓል እንዳልሆነ የምናየው። የመንደሩ ሰዎች የሚቀለቡት ለመታረድ ነው። አንጎላቸው የተኙት ሶላሪያኖች የሚያልሙትን ዓለም ለማንቀሳቀስ ይወሰዳል።

ከሁሉ የከፋው ይህን ዕቅድ ከወጠኑት አንዱ ራሱ ዪ መሆኑ ነው። አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ የሚመለሰው በቀል ፍለጋ ብቻ ሳይሆን በገዛ እጁ የጀመረውን ሊያፈርስ ነው።

ይህን ትዕይንት ያየን ቀን ማንም አልጨፈረም። ከኋላ ከቆሙት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቀስ ብላ "እነሱም እኮ ተሰደው ነው የመጡት" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጌሙን ከሌሎች መቶ የጎራዴ ጌሞች የሚለየውም እሷ የተናገረችው ነገር ነው። መከራ ያየ ሁሉ ለሌላው ይራራል ብለን እናስባለን። ናይን ሶልስ ግን የተሰደደም ሰው ፍርሃቱ ሲብስበት የሌላውን ሕይወት ለራሱ መዳኛ ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ለዚህም መጀመሪያ ስም ያወጣለታል፤ "ሰው" ማለቱን ይተዋል። እኛ በየሰልፉና በየቢሮው በር ልዩ ልዩ ስም ሲወጣልን የኖርን ሰዎች፣ ባደባባይ ባንናገረውም እርስ በርሳችን ስም ስናወጣም የኖርን ሰዎች፣ ይህን አይተን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ፍልሚያው ለምን ከበደ?

አሁን ወደ ጎራዴው። ዪ ጉልበተኛ አይደለም፤ ጥቂት ጊዜ ከተመታ አለቀለት። ዋናው መሣሪያው መመከት ነው። ጠላት ሲሰነዝር ልክ በደረሰበት ቅጽበት ቁልፉን ከተጫኑ ምቱ ይመለሳል፤ በዚያም ላይ ተጫዋቹ "ቺ" የሚባል ኃይል ያገኛል። ኃይሉ ሲጠራቀም ዪ በጠላቱ አጠገብ ሾልኮ አልፎ ክታብ ይለጥፍበታል፤ ክታቡም ይፈነዳል። ስለዚህ ሸሽቶ ማሸነፍ አይቻልም፣ ዝም ብሎ ቁልፍ መደብደብም አይቻልም። ኃይሉ የሚገኘው ከራሱ ከጠላት ምት ነው።

በጣም የወደድነው አንድ ሕግ አለው። ትንሽ ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ከመከታችሁ ምቱ ሙሉ በሙሉ አይጎዳችሁም፤ "የውስጥ ጉዳት" ይመዘገብባችኋል። ይህ ጉዳት ሌላ ምት ካልተጨመረበት ቀስ በቀስ ይድናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጌሙ ፈጽሞ ያልሞከረውንና ሞክሮ በጥቂቱ የሳተውን ለይቶ ያያል ማለት ነው። እኛ መምህራን ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ስናርም ይህን እናደርጋለን? ዘዴው ትክክል ሆኖ መደመር ላይ ብቻ የተሳሳተውን ልጅና ባዶ ወረቀት የመለሰውን ልጅ እኩል ዜሮ የሰጠንበት ቀን የለም? አለ እንጂ!

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው በችኮላ ነው። የጠላት ክንድ ገና ሲነሳ ቁልፉን ይጫናል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስላል። ዪንግዣኦ በተባለው የመጀመሪያው ትልቅ ባላጋራ ፊት እኛ መምህራኑ ሁለት ማታ ሙሉ ወድቀናል። ያሳለፈን ጣታችን ስለፈጠነ አይደለም። አንድ ዝምተኛ ተማሪ ከኋላ ቆሞ "ጋሼ፣ ክንዱን አይዩ፤ መሣሪያውን ወደ ኋላ ሲወስድ በልብዎ ሁለት ይቁጠሩ" ስላለን ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያወጣል።

ልጁና ስጦታዎቹ

በፍልሚያዎቹ መካከል ዪ የሚመለስበት "የአራቱ ወቅቶች" የሚባል እልፍኝ አለ። ሹዋንሹዋን እዚያ ይኖራል። ዪ በየመንገዱ ያገኘውን ዕቃ ያመጣለታል፦ ብሩሽና ቀለም፣ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ፣ የማይታወቅ ዘር። ልጁም በእያንዳንዱ አንድ ነገር ይማራል። ሸንኖንግ የሚባል አንድ ጎልማሳም ከመንደሩ ሰዎች ወገን መጥቶ፣ ዪ የሚያመጣለትን መርዝ ሁሉ እየቀመሰ መድኃኒት ያጠናል። ስሙ ዕፅዋትን በመቅመስ መድኃኒትን አስተማረ ከሚባለው የቻይና አፈ ታሪክ ሰው የተወሰደ ነው።

መጀመሪያ "ዝንጀሮ" እያለ የሚንቃቸው ዪ ቀስ በቀስ ይለወጣል። የለወጠው ስብከት አይደለም። ልጁ ሲጠይቅ መመለስ ግድ ሆነበት፤ በመመለስ ብዛት ልጁን ሰው አድርጎ ማየት ጀመረ። መምህርነትም እንዲህ መሰለን፤ ተማሪውን ከማስተማራችን በፊት እሱ እኛን ያስተካክለናል።

ያልወደድነው

ጉድለቱን ሳንናገር ብናልፍ ትችት አይሆንም። አንደኛ፣ የመንደሩ ሰዎች በመጀመሪያው ምዕራፍ ልባችንን ከነኩ በኋላ አብዛኛውን ሰዓት ከዓይናችን ይጠፋሉ። ከሹዋንሹዋንና ከሸንኖንግ በቀር ስለ ራሳቸው ዕጣ ሲመካከሩ እምብዛም አንሰማም። ያላወቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ግን ሲያውቁስ ምን ይላሉ? ስለተበደሉ ሰዎች የሚያወራ ታሪክ ንግግሩን ሁሉ ለተጸጸተው በዳይ ሲሰጥ ቅር ይለናል። ስለ እኛ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ረጂው ይናገራል፣ ተረጂው ፎቶ ይነሳል።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻዋ ባላጋራ አይጎንግ፣ የዪ የራሱ መምህር የነበረችው፣ ከመጠን በላይ ትከብዳለች። እስከዚያ ድረስ ክብደቱ እያስተማረ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ከእኛ ግማሾቻችን የተማርነውን ሳይሆን ትዕግሥታችንን ብቻ የፈተነች መሰለን። በርግጥ የጉዳቱን መጠን ቀንሶ ታሪኩን ብቻ መከታተል የሚያስችል ምርጫ ጌሙ ውስጥ አለ፤ እሱን መጠቀም ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ብዙ ነው፣ አማርኛም የለውም። እኛ በእንግሊዝኛው ነው የተጫወትነው። ይህ ለደካማ አንባቢ እንቅፋት ቢሆንም ሁለት ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይዘው ለጓደኞቻቸው እየተረጎሙ አይተናልና ጠቅልለን አናማርርም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ

"ጦርነት ሸሽተን መጥተን…" ያለው ባልደረባችን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። ደሙ ብዙ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። የመሥዋዕቱ ትዕይንት በተለይ ዘግናኝ ነው። ስለዚህ ለትናንሽ ልጆች ፈጽሞ አይሆንም እንላለን። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ አይቶ ለመጣ ትልቅ ልጅም ቢሆን አስቀድሞ ነግሮ፣ "ማየት ካልፈለግህ ውጣ" ብሎ በሩን ክፍት መተው ያስፈልጋል። እኛ መጀመሪያ ይህን አላደረግንም ነበር። አንድ ልጅ ፊቱን አዙሮ ሲወጣ ነው የገባን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ነገር ግን ይኸው ባልደረባችን ባለፈው ሳምንት ያለውን ልንገራችሁ። "በጦርነት ጊዜ ማንም ቆም ብሎ የሌላውን ክንድ አያይም። እዚህ ግን ካላየህ አታልፍም።" እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ናይን ሶልስ መምታትን ከማስተማሩ በፊት ማየትን ያስተምራል፤ ከዚያም እያበላ የሚያሳውር ደግነት ደግነት እንዳልሆነ ይነግረናል። መንደሯ አልራባትም ነበር። የጎደላት "ይህ ስጦታ ከየት መጣ? ዋጋውስ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኛ እዚህ በጠባብ ክፍል፣ ስድስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ እያስቀመጥን የምናስተምረው ያን ጠያቂ ለማፍራት ካልሆነ ለምንድን ነው?

ጌሙን በክፍል ለመጠቀም ለምታስቡ መምህራን ምክራችን ይህ ነው፦ አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ የጠላትን እንቅስቃሴ በደብተር ይመዝግቡ፤ ሲሸነፍ "ምን አየህ?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ "ለምን ተሸነፍክ?" አትበሉ። ከመንደሩ ትዕይንት በኋላ ማሽኑን አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ተወያዩ። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ብትሆኑ ለሶላሪያኖቹ ምን ብላችሁ ትጽፉ እንደነበር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡልን። ጌሙ ያልሰጣቸውን ድምፅ እናንተ ስጧቸው፤ የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

እስከዚያው ደህና ሁኑልን!